በኤግዚቢሽን መካከል የሚፈጠር ዜማና ተቀባዩ

፩. የጉዳዩ መነሻ

በዘመናችን የሥዕል ኤግዚቢሽን በሚከፈትበት ቀን ሙዚቃ ማሰማት የተለመደ ሆኗል። ሆኖም በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ስለሚገኙ አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንደኛው፥ እንግዶች ሥዕሉን እየዞሩ በሚመለከቱበትና እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩበት ጊዜ አዳራሹ ጭር እንዳይል የሚሰማ ዜማ ነው። በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ወርዶ ሌላ ቢሰቀል ይህ ዜማ አብሮ አይለወጥም፤ ስለዚህ ለማድመቂያ ይጠቅማል እንጂ ለሒስ የሚበቃ ጉዳይ የለውም። ሁለተኛው ግን፥ ሙዚቀኛው አስቀድሞ ያልጻፈውንና ያላጠናውን ዜማ በሥዕሉ ፊት ሆኖ በዚያው ሰዓት የሚፈጥርበት፥ ሥዕሉም የዜማው ምክንያት የሚሆንበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በአጭሩም «የቅጽበት ዜማ» እንለዋለን።

ስለ ቅጽበት ዜማ የሚጽፉ ሰዎች የትውልዱን ሐረግ መቍጠር የሚጀምሩት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። በእርግጥ ኤግዚቢሽንንና የቅጽበት ዜማን በአንድ ቤት ማገናኘት በዚያ ታሪክ አለው። በ1952 በጋ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጆን ኬጅ በሰሜን ካሮላይና በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ባዘጋጁት ትርኢት፥ የሮበርት ራውሸንበርግ ነጫጭ ሥዕሎች ተሰቅለው ሳለ፥ በዚያው ክፍል ግጥም ይነበብ፥ ፒያኖ ይመታ፥ ውዝዋዜም ይደረግ ነበር። በ1961 የወጣው የኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የተባለው ሸክላም ከሽፋኑ ጋራ የጃክሰን ፖሎክን ሥዕል ይዞ ወጣ፤ በዚህም የሙዚቀኞቹ ያልተጻፈ ዜማና የሠዓሊው ያልተነደፈ ቀለም ዘመዳሞች መሆናቸው ለገዢው ሁሉ ተነገረ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስሕተት የሚመጣው፥ ልማዱ ከዚያ ስለ ተነሣ መመዘኛውም ከዚያ መምጣት አለበት በሚባልበት ጊዜ ነው። በዚያ የተለመደው መመዘኛ የፈጣሪው ነጻነት ነው፤ ይኸውም ሙዚቀኛው ከተጻፈ ኖታና ከታወቀ ሥርዓት ምን ያህል ርቋል የሚለው ጥያቄ ነው። በአገራችን ግን ቅጽበታዊ ፈጠራ ሲሠራበት፥ ሲመዘንበትና ሲነቀፍበት የኖረ ረዥም ልማድ አለ። በዚህ ልማድ አስቀድሞ የሚጠየቀው ተቀባዩ ማን ነው የሚለው ነው። የቅጽበት ዜማ በሰጪና በተቀባይ መካከል የሚሠራ ነገር ነው፤ ተቀባይ ባልተሰናዳበት ስፍራ የሚሰማው ዜማ፥ ምንም ያህል የሚያምር ቢሆን፥ ግማሹ የጐደለ ነው። ይህን ሐሳብ ከክብረ መንግሥትና ከነገሌ ቦረና አካባቢ በተወሰደ ምሳሌ እናስረዳለን፤ ከዚያም በታወቁ ሥራዎች ላይ እንፈትነዋለን።

፪. መመዘኛው ከየት ይመጣል

ከሁሉ አስቀድሞ የቅኔ ቤት ይነሣል። ተማሪው ቀን ለብቻው ሲቈጥር ይውላል፤ በኋላም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይዘርፋል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፥ መወድሱ ስምንት ቤት እንዲሆን ሥርዓቱ ይወስናል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ግን ነውር ነው። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ የቅኔውን አዲስነት የሚያረጋግጠው ቅኔውን ያመጣው ሰው ራሱ አለመሆኑ ነው። አዲስነቱን የሚያውቁት አሮጌውን የሰሙት ናቸው፤ ቤት መምታቱን ወይም መሳቱን የሚያውቁትም ሥርዓቱን የተማሩት ናቸው። አዋቂ ሰሚ ባይኖር አዲሱ ከአሮጌው፥ የቀናው ከሳተው ሊለይ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው የአዝማሪ ጨዋታ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ሳለ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ቃሉን ሳያጐድል በዜማ ይመልሰዋል፥ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ቤት ይጨምርበታል። በዚህ ጨዋታ ሰሚ የተባለው ሰጪ፥ ፈጣሪ የተባለው ተቀባይ ይሆናል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው ሲሆን ደግሞ ተቀባዩ ሁለት ነው፤ አንደኛው ዜማውን የሚመልሰው አዝማሪ፥ ሁለተኛው ወርቁ ሲገባው የሚስቅ ወይም የሚቈጣ ታዳሚ ነው። ታዳሚው ዝም ካለ ግጥሙ እንዳልገባው ይታወቃል፤ አዝማሪውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ሦስተኛውና አራተኛው ምሳሌ የሚገኙት በደቡቡ አገር ነው። አዶላ በሚል ስምም የምትታወቀው ክብረ መንግሥት በጉጂ ኦሮሞ ምድር ያለች የወርቅ ከተማ ናት። የአዶላ ወርቅ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ሠራተኛና ነጋዴ ስለ ሳበ፥ የአማርኛው የግጥም ልማድና የኦሮምኛው ጌራርሳ በዚች ከተማ ጐረቤት ሆነው ኖረዋል። ስለ ቅጽበት ዜማ ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለው ጐረቤትነት እንደ ሚዛን ነው፤ አንዱን ልማድ በሌላው ለማየት ያስችላልና።

ጌራርሳ ሰው ስለ ሠራው ሥራ፥ ስለ ወገኑና ስለ ደረሰበት ነገር እየፈጠረ የሚያዜመው ነው። በቀድሞው ልማድ ለማዜም መብት የሚሰጠው የተፈጸመ ጀግንነት ነበር፤ ትልቅ አውሬ የገደለ ወይም በጦርነት ሙያ የሠራ ሰው በወገኑ ፊት ሥራውን ያነሣል። ቃሉን የሚሰሙት ሰዎች ከእርሱ ጋራ የዘመቱ፥ ከእርሱ ጋራ ያደኑ፥ ቢያንስም አባቱንና ወንድሙን የሚያውቁ ናቸው። ስለዚህ የጌራርሳ ተቀባይ ምስክር ነው። ዘፋኙ ቃሉን እንደ ፈለገ ሊያሳምር ይችላል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ግን በዚያው ስፍራ ይታወቅበታል። የጌራርሳ ኃይል ከዚህ ፍርሃትና ከዚህ መተማመን የሚመነጭ ነው።

አራተኛው የውሃ ጕድጓድ ዜማ ነው። ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ በተዘረጋው የቦረና ቈላ፥ በዱብሉቅና በሌሎቹም ስፍራዎች፥ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ። ውሃው ከላይ በእጅ የማይደረስበት ስለ ሆነ፥ ሰዎች ከጕድጓዱ ግርጌ ጀምረው አንዱ ከሌላው በላይ በእርከን ይቆማሉ፤ ኦኮሌ የተባለውን ከቀጭኔ ቆዳ የተሠራ መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ለከብቶቹ ወደ ተዘጋጀው ገንዳ ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዜማ ነው። አውጪው ከብቶቹን እያነሣ ያወድሳል፤ ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ የእጃቸው ምት ከዜማው ምት ጋራ አንድ ይሆናል። በዚህ ስፍራ መቀበል ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ተቀባዩ ዜማውንም መቅጃውንም ይቀበላል። ተቀባዩ ዜማውን ቢያቋርጥ የእጁ ምት ይሰበራል፥ ምቱ ሲሰበርም ውሃው ይፈስሳል። ተቀባይ የሌለው ዜማ ጐደሎ ነው የሚለውን ቃል ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

እንግዲህ መቀበል ማለት መጮኽ፥ ማጨብጨብ ወይም አብሮ መዝፈን ብቻ ነውን? አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና በሚደረደርበት ቤት የተቀመጡት ሰዎች ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ነገር ግን ቃሉን ስለሚያውቁትና በልባቸው ስለሚጸልዩ ተቀባዮች መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ መቀበል በድምፅም በዝምታም ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ተቀባዩ የተሰጠውን የሚያውቅ፥ ጕድለቱንም ለይቶ ሊመልስ የሚችል መሆኑ ነው። ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩ ማን ነው? የተሰጠው ነገር ቢሳሳት ተቀባዩ ሊያውቅና ሊመልስ ይችላልን? በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚሰማውን የቅጽበት ዜማ በነዚህ ጥያቄዎች መመርመር ይቻላል።

፫. የጁሊ ምሕረቱና የጄሰን ሞራን «ማስ»

ለዚህ ምርመራ ከሁሉ የሚስማማው ሥራ የተደረገው በኒው ዮርክ ነው። ነገር ግን ሠዓሊዋ በ1970 በአዲስ አበባ የተወለዱትና በ1977 ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ አሜሪካ የሄዱት ጁሊ ምሕረቱ ስለ ሆኑ፥ ሥራው ከኢትዮጵያውያን ሥነ ጥበብ ታሪክ ውጭ አይደለም።

የሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለአዳራሹ ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች እንዲሠሩ ጁሊ ምሕረቱን አዘዘ። ሥዕሎቹ «ሃውል፥ ኢዮን» አንድና ሁለት ተብለው ተሰየሙ፤ እያንዳንዱ በቁመት ከ8 ሜትር የሚበልጥ፥ በወርድም ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ነው። ይህን የሚያህል ሸራ በተለመደ የሠዓሊ ቤት ሊቆም ስለማይችል፥ በሃርለም አገልግሎቱ በቀረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሠራ። ከቀለሙ በታች የ19ኛው መቶ ዓመት ሠዓልያን የአሜሪካን ምዕራብ ምድር ያሳዩባቸው ምስሎች ከዘመናችን የሁከትና የተቃውሞ ፎቶግራፎች ጋራ ተቀላቅለውና ደብዝዘው ይገኛሉ። በላዩ ጥቍር ሰረዝ፥ የተፋቀ ስፍራ፥ ዳግመኛም ሰረዝ አለ። ጥንታዊ ብራና ተፍቆ ሌላ ሲጻፍበት የቀድሞው ፊደል በስሱ እንደሚታይ ሁሉ፥ በነዚህም ሥዕሎች የተፋቀው ነገር ፈጽሞ አይጠፋም።

ሥዕሉ በሚሠራበት ጊዜ በ1975 በሂዩስተን የተወለዱት ፒያኒስት ጄሰን ሞራን ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን እየመጡ፥ ሠዓሊዋ በሸራው ላይ ሲሠሩ እርሳቸው ከሥዕሉ በታች ሆነው ዜማ ይፈጥሩ ነበር። ከዚህ የተገኘው ሥራ «ማስ» የሚል ስም ተሰጠው። ቃሉ በእንግሊዝኛ በአንድ ወገን ቅዳሴ፥ በሌላ ወገን ግዙፍ ክምችት ወይም የሕዝብ ብዛት ማለት ስለ ሆነ፥ የቅኔ ተማሪ ኅብር ይለዋል። ሥዕሎቹ በሴፕቴምበር 2017 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታዩ። ዜማው ደግሞ በዚያው ዓመት በኖቬምበር፥ ፐርፎርማ በተባለው የኒው ዮርክ የትርኢት ጉባኤ፥ በሃርለም በሕዝብ ፊት ተሰማ፤ ጄሰን ሞራን በፒያኖ፥ ግራም ሄይንስ በኮርኔት፥ ጃሚር ዊልያምስ በከበሮ ተጫወቱ። ሥራው በሸክላም ስለ ወጣ ሥዕሉን ያላየ ሰው ሊሰማው ይችላል።

ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። በሥዕሉ ሥራ ወራት ሰጪው ማን ነበረ? ሠዓሊዋ ነበሩ፤ ሙዚቀኛውም ነበሩ። አንዲት ሰረዝ ስትጨመር ዜማው ሊለወጥ፥ ዜማው ሲበረታ ወይም ሲረግብ የሠዓሊዋ እጅ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችል ነበር። ሁለቱም የተሰጣቸውን ሊቀበሉ፥ ሊነቅፉ፥ ሊመልሱም ይችሉ ነበር። ይህ በእውነት የ«ተቀበል» ጨዋታ ነው፤ በአዝማሪ ቤት እንደሚታየው የሰጪና የተቀባይ ቦታ የሚለዋወጥበት ነው።

በኖቬምበር የተደረገው ኮንሰርት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥዕሎቹ ተፈጽመዋል፤ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሳን ፍራንሲስኮ ግድግዳ ላይ ናቸው። ሠዓሊዋ ለዜማው ምላሽ አንዲት ሰረዝ እንኳ ሊጨምሩ ወይም ሊፍቁ አይችሉም። ስለዚህ በሥዕሉና በዜማው መካከል ያለው ነገር ንግግር መሆኑ ቀርቶ መታሰቢያ ሆነ። ቅጽበታዊ ፈጠራው የቀረው በሦስቱ ሙዚቀኞች መካከል ነው። በመካከላቸው ያለው መቀባበል እውነተኛ መሆኑ አይካድም፤ ኮርኔቱ ያነሣውን ፒያኖው ሲቀበል፥ ከበሮው ሁለቱን ሲያስታርቅ ወይም ሲያጣላ መስማት ይቻላል። ሆኖም ይህ ኮንሰርት የተጠራው የሥዕልና የዜማ ጋብቻ ተብሎ ነው፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ በሠርጉ ቀን በቦታው አልነበረም ቢባል ሐሰት አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። የ«ማስ» ታላቁ ትርኢት ሕዝብ ያላየው፥ በዚያ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተደረገው ነው። ሕዝብ የሰማው የዚያ መቀባበል ፍሬ ነው። ፍሬው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቅኔው ሲቈጠር የነበረውን ትግልና ቅኔው ከተዘረፈ በኋላ የሚነገረውን ዝና አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ታዳሚውም ቢሆን ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ከመስማትና በመጨረሻው ከማጨብጨብ በቀር የተሰጠው ድርሻ አልነበረም። አንድ ዜማ ከሥዕሉ ጋራ አልገጠመም ብሎ የሚያምን ታዳሚ ቢኖር፥ ይህን የሚመልስበት መንገድ የለውም። ጭብጨባ ለቀናውም ለሳተውም አንድ ነው።

ይህ ነቀፋ በአንድ ሥራ ላይ ብቻ የሚወርድ አይደለም። የኤግዚቢሽን አዳራሽ ራሱ የተሠራው ለማየት እንጂ ለመመለስ አይደለም። ሥዕሉን አትንኩ፥ በዝግታ ተራመዱ፥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ የሚለው ሥርዓት ለሥዕሉ ጥበቃ ይጠቅማል፤ የቅጽበት ዜማ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ሥዕሉ የለመደውን ዝምታ ይወርሳል። ሙዚቀኛው ከኖታ ነጻ ወጥቶ ሳለ ሰሚው ይታሰራል። የነጻነትን መመዘኛ ብቻ የያዘ ሐያሲ የሙዚቀኛውን መፈታት ያያል፥ የሰሚውን መታሰር ግን አያይም።

፬. በአዲስ አበባ የታዩ ሁለት መንገዶች

በአዲስ አበባ የቅጽበት ዜማ ከመንደርና ከአዝማሪ ቤት ወጥቶ ወደ መድረክና ወደ ኤግዚቢሽን የሄደበትን መንገድ ለማየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል።

የመጀመሪያው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። እኒህ ሙዚቀኛ በ1935 ተወልደው በ2016 ያረፉ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ነበሩ። የታወቁትም ሽለላን ከሰው ጕሮሮ ወደ ሳክስፎን በማዛወራቸው ነው። ሽለላ ያለ ቃል ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በተቀባዩ ላይ ነው፤ ሽለላን የሚያውቅ ሰው ሳክስፎኑ ሲያጓራ ቃሉን በልቡ ይሞላዋል። በኋላ ዘመን ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋራ ተጫወቱ፤ በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የዚህ ፍሬ ነው። ሽለላን በልጅነታቸው ያልሰሙ የሆላንድ ሙዚቀኞች ቃሉን ሊሞሉት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ዓይነት መቀበል መረጡ። ዜማዎቹን አጥንተው፥ ጊታሩንና ከበሮውን እንደ ዘማች ሠራዊት አሰልፈው፥ ለሸላዩ ከኋላ የሚያስገመግም ተቀባይ ሆኑለት። ሥራው የቆመው በዚህ ነው። ሁለቱ ወገኖች ነጻ ሆነው ጐን ለጐን ቢጫወቱ ኖሮ ግን ሽለላው እንግዳ ጌጥ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው በካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ነው። ፈንድቃ በመጀመሪያ አዝማሪ ቤት ነበር፤ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ መሪነት የባህል ማዕከል ሲሆን የሥዕል ማሳያ ክፍል ተጨመረለት። አዝማሪ፥ የጃዝ ሙዚቀኛ፥ ባለቅኔና ሠዓሊ በአንድ ግቢ ተገናኙ። የካዛንቺስ መንደር በ2024 ሲፈርስ የፈንድቃም ቤት ከነበረበት ተነሣ፤ ይሁን እንጂ ያሳየው ነገር ለዚህ ጥናት ዋጋ አለው።

በፈንድቃ ተቀባይ አልጠፋም። ቤቱ ከአዝማሪ ቤት የተወለደ ስለ ሆነ፥ ታዳሚው እንዲመልስ የሚፈቅድ ብቻ ሳይሆን እንዲመልስ የሚጠብቅ ቤት ነበር። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ሲበዛ ግን አንድ ችግር ይመጣል፤ ሰሙም ወርቁም ለእንግዳው እኩል ዝግ ስለ ሆኑ የግጥሙ ድርሻ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ እስክስታ ሸክሙን ይወስዳል። የተወዛዋዡ ትከሻ የማሲንቆውን ምት ተቀብሎ ሲመልስ ቋንቋውን የማያውቀውም ያየዋል፤ ሲሳሳትም ያውቀዋል። የመላኩ በላይ ጥበብ በብዙ አገር ሊሰማ የቻለው፥ መቀበልን ራሱን በዓይን የሚታይ ስላደረጉት ይመስላል።

ሆኖም በፈንድቃ ሥዕሉ ከዜማው ጋራ ያለው ግንኙነት የጐረቤት ግንኙነት ነበር ማለት ይቻላል። ሥዕሉ በክፍሉ፥ ዜማው በክፍሉ ይኖራል፤ ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሥዕሉ ግን ለአዝማሪው «ተቀበል» አይለውም። እንግዲህ ሁለቱን ሥራዎች ስናነጻጽር አንዱ ያለውን ሌላው አጥቶት እናገኘዋለን። በ«ማስ» ሥዕሉ እውነተኛ ሰጪ ነበረ፤ በሕዝብ ፊት በተሰማበት ቀን ግን የሚመልስ ተቀባይ አልነበረም። በፈንድቃ ተቀባዩ ሞልቶ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ሰጪ አልሆነም። ሁለቱን የሚያሟላ ትርኢት ቢደረግ፥ ሥዕሉ በሕዝብ ፊት እየተሠራ ዜማው የሚመልስበት፥ ዜማውንም የሚያውቅ ሕዝብ ሁለቱንም የሚመልስበት መሆን አለበት።

፭. ወደ ቈላው አገር ስንመለስ

እስካሁን የተባለው ነገር ለሃርለምና ለካዛንቺስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥነ ሕዝብ አጥኚ እምብዛም ባላስቸገረው ነበር። ነገሩ ግን የሚመለከተን በቅርብ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ ከሰው ልጅ ሕያው ቅርሶች መካከል ከተመዘገበ ወዲህ፥ የጉጂንና የቦረናን ባህል በአዳራሽና በሙዚየም የማሳየቱ ፍላጎት የሚያድግ እንጂ የሚቀንስ አይሆንም። ኦኮሌው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የጕድጓዱ ዜማ ከቴፕ ይሰማል፤ በመክፈቻው ቀን ጌራርሳ የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠርቶ በማይክሮፎን ፊት እንዲያዜም ይደረጋል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ቅን ሐሳብ ያላቸው ናቸው። ሥራቸው ግን በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመረመር ሥጋት አለበት።

ኦኮሌው ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ዜማው ምቱን የሚያስርበት ነገር የለውም። ቴፕ ደግሞ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ከሁሉ የከፋው የጌራርሳው ነገር ነው። ሽማግሌው በማያውቁት ሕዝብ መካከል ስለ ራሱ ሥራ ቢያዜም፥ ቃሉ እውነት ይሁን ሐሰት ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው በአዳራሹ የለም። ምስክር በሌለበት የተዜመ ጌራርሳ እውነትም ሐሰትም ሊሆን አይችልም፤ የድምፅ ውበት ብቻ ይሆናል። ይህም ለዘፋኙ ክብር መስሎ ይታያል፤ በፍሬ ነገሩ ግን ክብሩን መውሰድ ነው። የጌራርሳ ክብር ሊስተባበል በሚችልበት ስፍራ ሳይስተባበል መቅረቱ ነበርና።

አንድ ተቃዋሚ እንዲህ ሊል ይችላል፤ አዲስ ጥበብ አዲስ መመዘኛ ይፈልጋል፥ የጕድጓድንና የቅኔ ቤትን ሥርዓት በዘመናዊ ኤግዚቢሽን ላይ መጫን ጥበቡን ወደ ኋላ መጎተት ነው። መልሳችን አጭር ነው። ሙዚቀኛው በቅኔ ልክ ይዘምር፥ ወይም ሠዓሊው ከብት ብቻ ይሣል አላልንም። የጠየቅነው ተቀባዩ አስቀድሞ እንዲታሰብ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፥ የፈጣሪውን ነጻነት ብቻ የሚያከብረው መመዘኛ ራሱ የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ልማድ ነው፤ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ሕግ አይደለም። ሁለት ልማድ ካለ ሁለቱንም ማወቅ ለሐያሲ ሀብት ነው።

ስለዚህ ኤግዚቢሽን ለሚያዘጋጁ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ምክር ይቀርባል። ጌራርሳ የሚያዜም ሰው ሲጠራ ለብቻው አይጠራ፤ ሥራውን የሚያውቁ፥ የዕድሜ ጓደኞቹና ቢቻል «አይደለም» ሊሉት የሚችሉ ሰዎች አብረውት ይጠሩ፤ ስፍራቸውም በመድረኩ አጠገብ ይሁን። የጕድጓዱ ዜማ ሲታይ መቅጃው ከሣጥኑ ወጥቶ በሚያውቁት ሰዎች እጅ ይግባ። ሠዓሊ ከሙዚቀኛ ጋራ እንዲሠራ ሲታሰብ፥ ሥዕሉ ከተፈጸመ በኋላ ዜማ ከመጥራት ይልቅ ሥዕሉ ሳይፈጸም ሁለቱ ይገናኙ፥ ሕዝቡም ያን ግንኙነት እንዲያይ በሩ ይከፈትለት።

ሁለተኛው ምክር ለእኛው ለአጥኚዎች ነው፤ ምናልባትም ይህኛው ይበልጣል። የቃል ግጥም ስንሰበስብ የዘፋኙን ቃል በጥንቃቄ እንጽፋለን፤ የተቀባዩን ግን «ሁሉም ይመልሳሉ» ብለን በአንድ መሥመር እናልፋለን፥ ወይም ከነጭራሹ እንተወዋለን። ማን ሳቀ? ማን ዝም አለ? የትኛው ቤት ሁለት ጊዜ ተጠየቀ? ቃሉን የነቀፈው ማን ነው? ዘፋኙስ ከዚያ በኋላ ምን ለወጠ? እነዚህ ካልተመዘገቡ በወረቀት ላይ የሚቀረው ጽሑፍ የአንድ ሰው ድርሰት ይመስላል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰውም ዜማው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ እንደ ተወለደ ያምናል። በዚህ ዓይነት የምንነቅፈውን የኤግዚቢሽን አዳራሽ በገዛ ደብተራችን ውስጥ እንሠራለን፤ ሰጪውን በመስታወት ሣጥን አስቀምጠን ተቀባዩን ከበሩ ውጭ እንተወዋለን።

የጉጂና የቦረና ሽማግሌዎች በሕይወት ባሉበት፥ ጕድጓዶቹም ከብት በሚያጠጡበት ዘመን የሚደረግ ምዝገባ ይህን ጕድለት ሊያርም ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከዘፋኙ ቃል ጐን ለተቀባዩ ቃል የሚተው ስፍራ ነው።